ስንዝር የማትሞላው ጎማ

ሕይወትህን የቀየረው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ትንሽ አፍራለሁ። ሌላው ሰው ስደት ይላል፣ ፍቅር ይላል፣ የአንድ ትልቅ ሰው ምክር ይላል። የኔ ግን ስንዝር የማትሞላ ጥቁር ጎማ ናት። የብስክሌት መሪ ጫፍ ላይ የምትገባ፣ እጅ የሚያርፍባት የእጀታ ጎማ። እባካችሁ አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት አካባቢ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አባቴ ከሞምባሳ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ በመኪና አደጋ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እናቴ ወይዘሮ ዘውዲቱ የቤታችንን የፊት ክፍል የሴቶች ጸጉር ቤት አድርጋ ትሠራለች። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒውተር እማራለሁ ይባላል። እውነቱን ለመናገር የምኖረው ቅዳሜን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ላቪንግተን ወደሚባለው የሀብታሞች ሰፈር እሄዳለሁ። ኦቲየኖ የሚባል ጓደኛዬ አባቱ እዚያ ባለ ትልቅ ግቢ አትክልተኛ ነበሩ። የግቢው ባለቤት ውጭ አገር ይኖራል፣ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ማንም የማይረግጠው ባዶ መሬት አለ። በዚያ መሬት ላይ እኔና ኦቲየኖ ቀዩን አፈር በአካፋ ቆልለን፣ ውሃ አጠጥተን፣ በአካፋ ጀርባ እየመታን ጉብታ ሠራን። ጨዋታው ቀላል ነው። በብስክሌት ወደ አንዱ ጉብታ በፍጥነት ትወጣለህ፣ ከጫፉ ትነሳለህ፣ በአየር ላይ አልፈህ ሌላው ጉብታ ላይ ታርፋለህ። ምን ይጠቅማል ካላችሁኝ መልስ የለኝም። አየር ላይ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ግን ልጅ ሆኜ በሕልሜ ስበር «እያደግክ ነው» ትለኝ የነበረችው እናቴ፣ በእውኔ ስበር ምን ትል ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

የምትለውንማ አውቃለሁ። በሐምሌ ወር አንድ ቀን ጉልበቴ ተልጦ ስመጣ ሥራዋን አቁማ፣ ማበጠሪያውን ከደንበኛዋ ጸጉር ላይ ሳታነሳ ተናገረችኝ።

«ሚካኤልን። ከእንግዲህ አንድ ቀን ወድቀህ ብትመጣ ይሄን ብስክሌት እሸጠዋለሁ።»

እናቴ በሚካኤል ከማለች አለቀ። አባቴ በሞተ ጊዜ ወደ አገር ቤት አልመለስም ብላ የማለችው በሚካኤል ነው፤ አልተመለሰችም። ስለዚህ ከሐምሌ ጀምሮ እያንዳንዱ ዝላይ ሁለት ነገር ለመያዣ የሚሰጥበት ሆነ፤ አንዱ አጥንቴ፣ ሌላው ብስክሌቴ። ከሁለቱ የቱ እንደሚያሳስበኝ ብትጠይቁኝ በዚያን ጊዜ መልሱ አጥንቴ አልነበረም።

ብስክሌቱን ከአሮጌ ዕቃ የገጣጠሙልኝ ጋሽ ኪዳነ ናቸው። አሥመራ ተወልደው ያደጉ፣ በወጣትነታቸው የብስክሌት ተወዳዳሪ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛውን ከሰማንያ ሦስት በፊት አዲስ አበባ ሲሠሩ ነው የተማሩት። ከሰፈራችን መግቢያ ላይ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ቤት ውስጥ ብስክሌትና የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናሉ። ሁሉ ነገሩ ደህና ነበር፣ አንድ ችግር ብቻ አስቸገረን፤ የእጀታው ጎማ ይዞራል። እጄ ሲያልበው ወይም ዝናብ ሲነካው፣ አንቄ የያዝኩት ጎማ ከብረቱ ላይ እንደ ቀለበት ይዞራል። መሬት ላይ ሆነህ ቢዞር ምንም አይደል። አየር ላይ ቢዞር ግን የያዝከው ነገር መሪ መሆኑ ያበቃል።

መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አስገባሁት። ሲገባ ሰተት ብሎ ገባ፣ ሲወጣም ሰተት ብሎ ወጣ። ቀጥሎ በማስቲሽ ላጣብቀው ብል ጋሽ ኪዳነ ተቆጡኝ፤ ነገ ጎማው ሲያልቅ በቢላ ልትፍቀው ነው ወይ አሉ። በመጨረሻ መላውን እሳቸው ነገሩኝ። ብረቱን በአልኮል ጠርገህ አድርቅ፣ የጎማውን ውስጥ የሴቶች የጸጉር ስፕሬይ ንፋበት፣ ሳይደርቅ ቶሎ ብለህ አስገባው፣ ከዚያ ለአንድ ቀን አትንካው አሉኝ። ስፕሬዩ እርጥብ እያለ ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ ይይዛል። የጸጉር ስፕሬይ ደግሞ ቤታችን ሞልቷል።

እናቴ ስሰርቃት ያዘችኝ። ዓርብ ከሰዓት ነበር፤ ደንበኛ አልነበራትም። ስፕሬዩ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ተደስቼ አስረዳኋት፤ ስለ ብስክሌት የሆነ ነገር ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበርና። ከላይ የሚደረግ ነገር በእጅ ይጠረጋል፣ ዋናው ከጎማው ስር የሚገባው ነው፣ ከስር የገባ እዚያው ይቀራል አልኳት። እሷም ጎንበስ ብላ አየች። ጎማው ብረቱ ላይ የሚያበቃበትን ጠርዝ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው።

«ከስር የገባ እዚያው ይቀራል» አለች ለራሷ።

ያቺን ዓረፍተ ነገር እኔ ባላስተምራት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በዚህ መሃል ኦቲየኖ ከሁሉም የሚበልጠውን ጉብታ ቆፍሮ ጨረሰ። በመነሻውና በማረፊያው መካከል ያለው ጉድጓድ ሰፊና ጥልቅ ስለነበረ «ጉሮሮ» ብለን ጠራነው። ማንም ገና አልዘለለውም። ቅዳሜ እኔ ቀድሜ እንድዘል ተስማማን። ዓርብ ዕለት ኦቲየኖ የራሱ ጎማ ፈንድቶበት የኔን ብስክሌት ወስዶ ሲለማመድ ውሎ፣ ማታ አጥቦ በር ላይ አስረከበኝ። ይሄን ልብ በሉልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ እናቴ ከኔ ቀድማ ተነስታለች። ብስክሌቱ እንደ ልማዱ ኮሪደሩ ላይ፣ የቀኝ ጎኑን ግድግዳ አስደግፌ ያቆምኩበት አለ። እሷ አጠገቡ ቆማ ጣቶቿን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ደህና አደርሽ ስላት ዘወር ብላ «በሰላም ግባ ልጄ» ብቻ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሚካኤልን ታስታውሰኝ ነበር። የዚያን ዕለት ዝም ማለቷ ገርሞኝ፣ ሐሳቧን ሳትለውጥ ብዬ ቶሎ ወጣሁ።

ጥቅምት ነበር። ናይሮቢ በጥቅምት ጃካራንዳው ሲያብብ ከተማው ሐምራዊ ይሆናል፤ ከዛፉ ላይ ያለው አበባና አስፋልቱ ላይ የረገፈው እኩል ስለሚሆን፣ በብስክሌት ስታልፍ የትኛው ላይ እንደሆንክ ግራ ይገባሃል። በምባጋቲ መንገድ ወጥቼ፣ የንጎንግ መንገድን ተሻግሬ ላቪንግተን ስደርስ እንቅልፍ ውስጥ ያለሁ ያህል ነበር። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባስ ታክሲዎች ያንባርቃሉ፣ ግን ድምፃቸው ከሩቅ ነበር የሚሰማኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዳገት ላይ መሪውን ሳብ ሳደርግ፣ የግራው ጎማ ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። እጄ አልቦት ነው አልኩና ተውኩት።

ትንንሾቹን ጉብታዎች ሁለት ጊዜ ዘለልኳቸው። በሁለተኛው ስወርድ ኦቲየኖ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። የግራውን እጀታ ጨብጦ ጠመዘዘው፣ ጎማው አብሮት ሄደ።

«ሂይ ግሪፕ ኢናዙንጉካ፣ ሳሚ» አለኝ። ጎማው እየዞረ ነው ማለቱ ነው። ከአባቱ ዘንድ ሽቦና ፒንሳ ላምጣ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ጠብቀኝ፣ ግራና ቀኙን በሽቦ እንሰረው አለ።

እምቢ አልኩ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። ፀሐይዋ በዛፎቹ መሃል ገብታ ጉሮሮ ላይ አርፋ ነበር፤ ቀዩ አፈር በርቶ ነበር። አሥር ደቂቃ ብጠብቅ ያ ብርሃን የሚሄድ፣ ድፍረቴም አብሮት የሚሄድ መሰለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ደግሞ ለመልቀምም አልታደልኩም።

ተነሳሁ። ዳገቱን ወጣሁ፣ የጉብታው ጫፍ ከስሬ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለት ሰከንድ ነው ብዬ ልተወው አልችልም፤ እኔ ውስጥ ረጅም ቀን ነው። መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ። ነፋሱም ቆመ። የጃካራንዳ አበቦች ሲወርዱ አየሁ፤ እነሱ ይወርዳሉ፣ እኔ እወጣለሁ። የግቢውን አጥር፣ የቤቱን ቀይ ጣሪያ፣ የኦቲየኖን አባት ባርኔጣ ከላይ አየሁ። እንዲህ ከፍ ብዬ አላውቅም። ያኔ ግራ እጄ ቀለለኝ። ስመለከት እጄ ከመሪው ርቋል፤ ጎማው ግን እጄ ውስጥ ነው። ጠበቅ አድርጌ ይዤዋለሁ። አልፈራሁም፤ ይሄንን ስናገር ሰው አያምነኝም። እንዲያውም ጎማው ለምን እንዲህ እንደሚያብረቀርቅ እያሰብኩ ነበር። ብስክሌቱ በአንድ እጄ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ከዚያ እሱም ተለየኝ። ብቻዬን ቀረሁ። ልቤ ውስጥ የነበረው አንድ ቃል «ሚካኤልን» የሚለው የእናቴ ድምፅ ነበር።

ከማረፊያው ጉብታ ጠርዝ ላይ በግራ እጄ ወደቅሁ። አንጓዬ ሲሰበር ሰማሁት።

ዓይኔን ስገልጥ ኦቲየኖ ጭንቅላቴን ይዞ ስሜን ይጠራል። ጎማውን አሁንም አልለቀቅሁትም። ወደ ደህናው እጄ አዛወርኩት፣ መዳፌን አየሁት። ዘይት ነው። ጎማው ውስጡ ዘይት ነው። ስፕሬይ የነፋሁበት፣ ለሁለት ሳምንት ንቅንቅ ያላለ ጎማ። ትናንት ብስክሌቱን ይዞ የዋለው ማን ነው? ጉሮሮን ቆፍሮ፣ መጀመሪያ መዝለሉን ግን ለኔ የለቀቀው ማን ነው? ሕመሙና ይሄ ሐሳብ አንድ ላይ መጡ።

«ዘይት አድርገህበታል» አልኩት።

ኦቲየኖ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባውም እጁን ከጭንቅላቴ ስር አላነሳም። ከዚያ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ አደባልቆ፣ ምንም አላደረግኩበትም፣ አጥቤ ነው የመለስኩልህ፣ ይዞራል ያልኩህ እኔ አይደለሁም ወይ አለኝ። እኔም ዞር በልልኝ አልኩት። አልሄደም። ታክሲ ጠርቶ ሐኪም ቤት አደረሰኝ፣ ለእናቴ ደወለላት፣ ከዚያ ላቪንግተን ተመልሶ፣ ማታቱዎቹ ብስክሌት አንጭንም ስላሉት፣ የተጣመመውን ብስክሌት በአንድ በኩል እያነሳ እስከ ሳውዝ ሲ በእግሩ ገፍቶ አመጣው። ይሄን የሰማሁት በኋላ ነው።

እናቴ ስትመጣ እጄ ጄሶ ታስሮ፣ መድኃኒቱ እያደነዘዘኝ፣ ጎማዬን ጨብጬ ተኝቻለሁ። ዶክተሩን ጠየቀች፣ ጄሶውን ነካች፣ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ከፍታ የአውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ አወጣች። ባለፈው ወር ከአገር ቤት የመጣች አንዲት እንግዳ ከገዳም ያመጣችላት ቅባ ቅዱስ ነበር። ጣቷን ነክራ ግንባሬን በመስቀል ምልክት ቀባች፣ ከጄሶው ውጭ የቀሩትን ጣቶቼንም አንድ በአንድ ቀባች።

ሽታው መጣ። የወይራ ዘይት፣ ከሱ ጋር አንድ የአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሽታ። በቀኝ እጄ የያዝኩትን ጎማ ቀስ አድርጌ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ያው ነው።

«እንኳን ጠዋት ቀባሁልህ» አለች እናቴ። «በሥላሴ ስም ሦስቴ። ከላይ ብቀባው ትጠርገዋለህ ብዬ ማንኪያ በጠርዙ አስገብቼ ከስር ነው ያደረግኩት። የግራውን ብቻ ነው የቻልኩት፣ ቀኙን ግድግዳው ይዞት። እሱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ አንገትህ ነበር።»

ጎማውን ትራሱ ስር ከተትኩት። አስቡት እስቲ፤ በረከትም ከስር ከገባ እዚያው ይቀራል ብላ፣ እኔው ያስተማርኳትን ጥበብ ተጠቅማ፣ እንዳልወድቅ ጣለችኝ። ይሄን ብነግራት ብስክሌቴ ይተርፍልኛል፤ መውደቄ የኔ ጥፋት አልነበረምና። ግን ከዚያ በኋላ ያቺን ብልቃጥ እንዴት ታያታለች? ባሏን መንገድ ላይ ያጣች ሴት፣ ልጇን የምትጠብቅበት ያላት ይቺ ብልቃጥ ብቻ ነች። «አዎ እማዬ፣ እሱ ነው ያተረፈኝ» አልኳት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የኦቲየኖን ነገር ሳስብ ግን ኀፍረት ከጄሶው ስር ካለው ሕመም በለጠብኝ።

እሑድ ቤት ገባሁ። ብስክሌቱ ኮሪደሩ ላይ ነበር፣ የግራ ጫፉ ባዶ ብረት ሆኖ። ስለ መሸጡ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ሰኞ ጠዋት ስነሳ ግን ቦታው ባዶ ነበር። ግድግዳው ላይ መሪው ለዓመታት የፈገፈገው ምልክት ብቻ ቀርቷል። እናቴም የለችም፣ ጸጉር ቤቱም ተዘግቷል። አልጋዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አሁንም መደወል እችል ነበር። «እማዬ አትሽጪው፣ ዘይቱ ነው የጣለኝ» ማለት እችል ነበር። ስልኩን አንስቼ ቁጥሯን አወጣሁ። ከዚያ አስቀመጥኩት። በሕይወቴ የሚያዋጣኝን እውነት ለሌላ ሰው ብዬ ስውጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ መዋጡ እንደዚያ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው የፊት ጎማው ነው። ከዚያ መሪው፣ ከዚያ እናቴ። ጋሽ ኪዳነ ከኋላዋ ፒንሳቸውን ይዘው ቆመዋል። በመሪው ጫፍ ግራና ቀኝ አዲስ የእጀታ ጎማ ገብቷል፤ ዳርና ዳሩ በቀጭን ሽቦ ታስሯል። የእናቴ ጣቶች በሽቦው ተጫጭረዋል።

የሆነውን ጋሽ ኪዳነ ነገሩኝ። እናቴ ብስክሌቱን ለመሸጥ እንዲጠገን ይዛላቸው ሄዳ፣ እሳቸው ባዶውን ብረት በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። የቱ ደደብ ነው እዚህ ላይ ዘይት ያደረገው፣ ይሄ እኮ ሰው ለመግደል ነው አሉ። እናቴም ባዶውን ብረት ነክታ ጣቷን አሸተተች አሉኝ። ከዚያ «እኔ ነኝ» አለች። ጋሽ ኪዳነ ያሉትን ቢመልሱት በወደዱ ነበር። እሷ ግን ቤት ተመልሳ ስፕሬዩን አመጣችና እንዴት እንደሚደረግ አሳዩኝ አለቻቸው። ሁለቱንም በገዛ እጇ አስገባች፣ በገዛ እጇ አሰረች።

«እናትህ ጎበዝ ናት፣ ወደይ» ብለው ጋሽ ኪዳነ ወጡ፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

ሁለታችን ቀረን። ትራሴ ስር ያለውን አሮጌ ጎማ አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀብላ አሸተተችው።

«ሐኪም ቤት ሆነህ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«አንድ ቃል ብትናገር እኮ አልሸጠውም ነበር።»

«አተረፈህ ስትይኝ ደስ ብሎሽ ነበር» አልኳት።

እናቴ መሬቱ ላይ ተቀመጠች፣ ብስክሌቱ አጠገብ። አባቴ የሞተ ጊዜ ካለቀሰችው ለቅሶ ወዲህ እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ሲበቃት ዓይኗን ጠርጋ ቀና አለች።

«በሚካኤል የማልኩት ‹ከወደቅክ› ብዬ ነው። አንተ አልወደቅክም፤ እኔ ነኝ የጣልኩህ። መሐላው አልደረሰብህም።» ደግሞም ጨመረች። «ግን የጣለህ የኔ እጅ ነው። ያተረፈህ ቅባው ነው። ይሄንን አትቀላቅለው።»

አልቀላቀልኩትም። እስከ ዛሬም አልቀላቅለውም።

የቀረው ኦቲየኖ ነው። የዚያኑ ዕለት ደወልኩለት። ዘይቱን ያደረገችው እናቴ ናት፣ አንተን በሐሰት ወነጀልኩህ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። የከበደው መወንጀሉ እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ጭንቅላቴን ይዞልኝ እያለ ያንን ማለቴ ነው የከበደው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ራሷ ጠርታው፣ ምሳ አብልታው፣ ጸጉሩን በነፃ ልትሠራለት ብትል ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ የተላጨ ስለነበረ ሦስታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ ነገሩን ዘጋው።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ ምክር አልሰጣችሁም፤ የምሰጠው ስለ ጎማ ብቻ ነው፤ ብረቱ ይድረቅ፣ ከስር ስፕሬይ፣ ከላይ ሽቦ። ስለ ሰው የማውቀው ግን ከዚያ ሳምንት የተረፈኝ ነው። የጣለኝን ሰው ስፈልግ መጀመሪያ ያየሁት ጭንቅላቴን የያዘውን ነበር። ዛሬም አንድ ነገር እጄ ውስጥ ሲዞርብኝ፣ ሥራም ይሁን ትዳር፣ ጣቴን ሰው ላይ ከመቀሰሬ በፊት አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። ኦቲየኖ የለመነኝን ያችን አሥር ደቂቃ።

ጉሮሮን በሚያዝያ ዘለልኩት፤ እሱን ሌላ ቀን እንኳ ባላወራው ግድ የለም። የዚያን ጠዋት እናቴ ብልቃጧን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ግንባሬን ቀባች፣ የተሰበረውን አንጓዬን ቀባች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ሁለት እጇን በሳሙና አሸት አሸት አድርጋ ታጠበች፣ በፎጣ አደረቀች፣ መዳፏን ገልብጣ አየችው። ያንን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ነው መሪውን ይዛ፣ በሩን ከፍታ፣ ብስክሌቴን ያወጣችልኝ።